የሁ ታኦ ጊር (ትጥቅ)፦ አታኳ (የማጥቃት ኃይሏ) ከፍ ብሎ ዳሜጇ (የምታደርሰው ጉዳት) ለምን አነሰ?

ብርዱ_ለመደኝ (ደብረ ብርሃን)

ሰላም ጎበዝ፣ እንዴት ናችሁ? እኔ ዙሪያ ገንሺን ኢምፓክት የሚጫወት ሰው ማግኘት ከባድ ነው። ጓደኞቼ ሁሉ ፐብጂና ኢፉትቦል ላይ ናቸው። ስለዚህ ጥያቄዬን ሰብስቤ አመጣሁት፤ ትንሽ ይረዝማልና ታገሱኝ።

ሁ ታኦን አግኝቻታለሁ። ከጨዋታው ገጸ ባሕርያት ሁሉ አብልጬ የምወዳት እሷን ነው። ሌቭል 90 ናት። ኤለመንታል ስኪሏ (ልዩ ችሎታዋ) 10 ደርሷል፤ ያለኝን ብቸኛ ዘውድ (ችሎታን 10 የሚያደርሰውን ብርቅ ዕቃ) ለእሷ ነው የሰጠሁት። ጨዋታው ላይ ገንዘብ አላወጣም፤ ስለዚህ መሣሪያዋ ዋይት ታሰል ነው፣ እሱም ሌቭል 90። አርቲፋክቶቿ (የምትለብሳቸው አምስት ዕቃዎች፦ ፍላወር፣ ፕሉም፣ ሳንድስ፣ ጎብሌት፣ ሰርክሌት) ሁሉም ባለ 5 ኮከብና +20 (የመጨረሻው ደረጃ) ናቸው። ሁለት ክሪምሰን ዊች፣ ሁለት ሺሜናዋ (እነዚህ የሴት፣ ማለትም አብረው ሲለበሱ ጉርሻ የሚሰጡ የአርቲፋክት ስብስቦች ስም ናቸው)፣ ጎብሌቱ ከሌላ ሴት የመጣ ፓይሮ (የእሳት) ዳሜጅ ነው። ሳንድሷ አታክ፣ ሰርክሌቷ ክሪት ዳሜጅ።

ስታቷ እንዲህ ነው፦ ኤችፒ (ደም) 21,900፣ አታክ 1,200 ገደማ፣ ኤለመንታል ማስተሪ (ኤለመንቶች ሲገናኙ የሚፈጠረውን ጉዳት የሚያሳድግ) 60፣ ክሪት ሬት (ምቱ ክሪት፣ ማለትም ከወትሮው የከበደ የመሆን ዕድሉ በመቶኛ) 38፣ ክሪት ዳሜጅ (ክሪት ሲሆን የሚጨምረው በመቶኛ) 190። ቡድኔ ሁ ታኦ፣ ሺንግቺዩ፣ ቤኔት፣ ሱክሮስ።

ሁሉም ሰው ይቺ ልጅ አውዳሚ ናት ይላል። ቪዲዮ ላይ ሳያት እውነት ነው። የእኔዋ ግን ስፒራል አቢስ (ሰዓት የተገደበበት የፎቅ ፈተና) 12ኛ ፎቅ ላይ ስትገባ ጠላት ሳያልቅ ሰዓቱ ያልቃል። አንዳንዴ አንድ ምት ትልቅ ቁጥር ያወጣል፣ ከዚያ ሦስት አራቱ ተከታትለው ትንንሽ ናቸው። አታኳን ይበልጥ ልጨምር ወይስ ክሪት ዳሜጇን? ሬዚኔን (ዕቃ ለማግኘት የሚከፈለውን፣ በጊዜ የሚሞላውን ኃይል) የት ላፍስሰው? የምታውቁ ንገሩኝ።

---

የጣርማበር_ልጅ

ሰላም ወንድሜ። መጀመሪያ ሳንድሱን አውልቅ። ሌላውን ቀስ ብለን እናያለን።

ሁ ታኦ እንደ ሌሎቹ አይደለችም። አታኳን የምታገኘው ከኤችፒዋ ነው። ስኪሏን ስትጫን ከሙሉ ኤችፒዋ የተወሰነ መቶኛ ወደ አታክ ይቀየራል። ስኪሉ ሌቭል 1 ላይ 3.84 በመቶ፣ ሌቭል 10 ላይ 6.26 በመቶ ነው። አንተ 10 ላይ ነህ። አሁን እናስላው።

የእሷ ቤዝ (መነሻ) አታክ 106 ነው፣ የዋይት ታሰል 401፤ በድምሩ 507። አታክ ሳንድስ 46.6 በመቶ የሚሰጠው ከዚህ ከ507 ላይ ብቻ ነው። ይህ 236 አታክ ይሆናል። በቃ፣ ሌላ ነገር የለውም።

ኤችፒ ሳንድስም 46.6 በመቶ ነው፣ ግን የሚሰላው ከ15,552 ቤዝ ኤችፒዋ ላይ ነው። 7,247 ኤችፒ ይሰጥሃል። እሱን በ6.26 በመቶ ስትመታው 454 አታክ ይወጣል። እጥፍ ሊሞላ ምንም አልቀረው! ስኪሉ ሌቭል 1 ላይ ቢሆን እንኳ 278 ነው፣ ያም ከ236 ይበልጣል። በዚያ ላይ ደሟ ስለሚበዛ በአንድ ምት አትሞትብህም።

ሰው የሚሳሳተው የካራክተሩን ገጽ ሲያይ ነው። እዚያ የሚታየው አታክ ስኪሉ ሳይበራ ያለው ነው። 1,200 የሚለውን ቁጥር ለማሳደግ አትልፋ። ስኪሉን አብራና ያኔ ስንት እንደሚል እይ፣ የእሷ ትክክለኛ አታክ እሱ ነው።

---

አንኮበሬዋ

የጣርማበር ልጅ ስለ ሳንድሱ ያለው ልክ ነው። እኔ ስለ ክሪቱ ልጨምር፣ ምክንያቱም "አንዱ ትልቅ፣ ሦስት አራቱ ትንንሽ" ያልከው ነገር ከእሱ ነው የሚመጣው።

ክሪት ሬት 38 ማለት ከ100 ምት 62ቱ ክሪት አይሆንም ማለት ነው። ክሪት ዳሜጅህ 190 ቢሆንም በእነዚያ 62 ምቶች ላይ ምንም ሥራ የለውም። ሁለቱን ለየብቻ አትያቸው። እንደ መሬት አስባቸው፦ አንዱ ርዝመት፣ አንዱ ወርድ ነው። ረጅም ሆኖ እንደ ቀጭን መንገድ የጠበበ ማሳ ብዙ እህል አይሰጥም፤ የሚቆጠረው ስፋቱ ነው።

በቁጥር እንየው። አሁን ያለህ 0.38 ሲባዛ በ1.90 ነው፣ 0.722። በአማካይ ምትህ በ1.72 ይባዛል ማለት ነው። ክሪት ዳሜጅ ሰርክሌት +20 ላይ 62.2 ይሰጣል፣ ክሪት ሬት ሰርክሌት 31.1። ሰብስታታቸው (ከዋናው ሌላ ያሉት ተጨማሪ ስታቶች) ተመሳሳይ ነው እንበልና ቀይረው። ሬትህ 69.1፣ ዳሜጅህ 127.8 ይሆናል። 0.691 ሲባዛ በ1.278፣ 0.883። አማካዩ 1.88 ሆነ። ከ1.72 ወደ 1.88 ማለት 9 በመቶ ገደማ ጭማሪ ነው፣ ምንም አዲስ ሰብስታት ሳታገኝ። ያውም ምትህ የተረጋጋ ይሆናል። አቢስ ላይ ደግሞ መረጋጋት ትልቅ ነገር ነው፤ በዕድል የሚወጣ አንድ ትልቅ ቁጥር ላይ ተማምነህ ሰዓት አትቆጥርም።

ሁ ታኦ ሌቭል ስታድግ በራሷ 38.4 ክሪት ዳሜጅ ታገኛለች። ከመነሻው 50 ጋር 88.4 በነፃ ይዛለች። ሬቷ ግን 5 ብቻ ነው። ስለዚህ የሚጎድላትን ሬት ስጣት። በደምሳሳው ዳሜጁ የሬቱ ሁለት እጥፍ ሲሆን ጥሩ ነው የሚባለውም ለዚህ ነው፤ ሰብስታት ላይ አንድ የክሪት ሬት ጭማሪ ቢበዛ 3.9፣ የክሪት ዳሜጅ ቢበዛ 7.8 ነውና ጨዋታው ራሱ ሁለት ለአንድ አድርጎ ነው የሚከፍልህ።

ይህ ነገር ለክሪት ብቻ አይደለም። የዚህ ጨዋታ ዳሜጅ የበርካታ ክፍሎች ብዜት ነው። አታክ አንድ ክፍል፣ ክሪት አንድ ክፍል፣ ፓይሮ ዳሜጅ ቦነስ አንድ ክፍል፣ ሪአክሽን (ሁለት ኤለመንት ሲገናኝ የሚፈጠረው) አንድ ክፍል። አንድ ክፍል ውስጥ ያሉት እርስ በርስ ይደመራሉ፣ ክፍሎቹ ግን ይባዛሉ። ስለዚህ ሁልጊዜ የሳሳውን ክፍል ፈልግና እሱን ሙላ። የሞላው ላይ ስትጨምር ጥቅሙ እያነሰ ይሄዳል።

ለምሳሌ ጎብሌትህን አትንካው። ከ50 በመቶ ኤችፒ በታች ስትሆን 33 በመቶ ፓይሮ አላት፣ ከሁለቱ ክሪምሰን 15 አለ፤ 48። ጎብሌቱ 46.6 ሲጨምር ከ1.48 ወደ 1.946 ትሄዳለህ፣ 31 በመቶ ገደማ እድገት ነው። አንዳንዱ "ኤችፒ ለእሷ ጥሩ ከሆነ ጎብሌቱም ኤችፒ ይሁን" ይላል። አይሆንም! ስኪሏ የሚሰጠው አታክ ከቤዝ አታኳ 400 በመቶ አይበልጥም። የአንተ ቤዝ 507 ነው፣ ጣሪያህ 2,028። እዚያ የምትደርሰው ኤችፒህ 32,400 አካባቢ ሲሆን ነው። ኤችፒ ሳንድስ ስታደርግ 29,100 ትደርሳለህ፣ ጥሩ። በላዩ ኤችፒ ጎብሌት ብትጨምር ከጣሪያው በላይ ያለው ለአታክ ምንም አይጠቅምም። ከጎብሌቱ የምታተርፈው 7 በመቶ ቢሆን ነው።

---

ብርዱ_ለመደኝ

አንኮበሬዋ እህቴ፣ እግዜር ይስጥሽ። የጣርማበር ልጅ አንተም ተባረክ። እንዲህ በቁጥር አስልቶ ያስረዳኝ ሰው አልነበረም።

ክሪት ሬት ሰርክሌት አለኝ፣ ክሪምሰን ዊች ነው፣ አሁን ወደ +20 እየወሰድኩት ነው። ኤችፒ ሳንድስ ያለኝ ግን ከሌላ ሴት ነው፣ ቴናሲቲ የሚባለው። ሴቱን ላፍርሰው? ደግሞ ቤኔትስ? አንኮበሬዋ ከ50 በመቶ በታች ስትሆን ስትል ደነገጥኩ፣ ምክንያቱም ቤኔት ሁልጊዜ ደሟን ይሞላታል።

---

የጣርማበር_ልጅ

ሴቱን አፍርሰው፣ አትሳሳለት። ሁለት ሺሜናዋ 18 በመቶ አታክ ነው፣ ለአንተ 91 አታክ። ሌላ የቴናሲቲ ቁራጭ ካለህና ሁለት ካደረግካቸው 20 በመቶ ኤችፒ ታገኛለህ፣ 3,110 ኤችፒ፣ ወደ 195 አታክ የሚቀየር። ሁለት ክሪምሰን ከሁለት ቴናሲቲ ጋር ለጊዜው ይበቃሃል።

ቤኔትን አውጣው ባይ ነኝ። በርስቱ (ትልቁ ችሎታው) መሬት ላይ የሚዘረጋው ክበብ ኤችፒዋ 70 በመቶ እስኪደርስ ያክማታል። ከ50 ስታልፍ 33 በመቶ ፓይሮዋ ይጠፋል። ዞንግሊ ካለህ በጋሻ አስገባው፣ ደሟ ዝቅ እንዳለ በሰላም ትመታለች። ወይም ከሺንግቺዩ ሌላ ሁለተኛ ሃይድሮ (የውሃ ካራክተር) አስገባ። አራት ሰው ሞልቶ ሁለት ሃይድሮ ሲኖር ቡድኑ 25 በመቶ ኤችፒ ያገኛል፣ ለእሷ ይህ 243 አታክ ነው። ሁለት ፓይሮ የሚሰጠው 25 በመቶ አታክ ግን ለአንተ 127 ብቻ ነው።

---

አንኮበሬዋ

ቤኔት ላይ አልስማማም። እሱ የሚሰጠው አታክ ከራሱ ቤዝ አታክ የሚሰላ ነው፣ የሁ ታኦ 400 በመቶ ጣሪያ አይነካውም። የቤኔት ቤዝ ከነመሣሪያው 700 አካባቢ ነው እንበል። በርስቱ ሌቭል 1 ከሆነ 56 በመቶውን ይሰጣል፣ 392 አታክ። ሌቭል 10 ከሆነ መቶ በመቶ አካባቢ፣ 700።

33 በመቶ ፓይሮ ሲጠፋ ከ1.946 ወደ 1.616 ትወርዳለህ፣ 17 በመቶ ኪሳራ። ኤችፒ ሳንድስ ካደረግክ በኋላ አታክህ 2,700 አካባቢ ስለሚሆን 392 ሲጨመር 14 በመቶ ነው፣ 700 ሲጨመር 26። ስለዚህ ቤኔትህ ካልተሠራ አውጣው፣ ከተሠራ ግን አትርፈሃል። ወንድሜ፣ የቤኔትህ በርስት ስንት ነው? እሱን ሳናውቅ አውጣው ማለት ይከብደኛል።

የክበቡ ችግር ሌላ ነው፦ ከክበቡ እንዳትወጣ ያስራል። ጠላቱ የሚሮጥ ከሆነ የጣርማበር ልጅ ያለው ቡድን ይሻላል። ቆሞ የሚመታ አለቃ ላይ ግን ቤኔት ያሸንፋል።

---

የሮቢት_ፀሐይ (ሸዋ ሮቢት)

ስለ ሬዚኑ ማንም አልመለሰለትምና እኔ ልበል።

ሬዚን በ8 ደቂቃ አንድ ነው፣ በቀን 180። አንድ ዶሜን (አርቲፋክት የሚገኝበት ፈተና) 20 ይበላል፣ ስለዚህ በቀን 9 ጊዜ ነው። ጣሪያው 200 ስለሆነ ባዶ ከሆነ ለመሙላት 26 ሰዓት ከ40 ደቂቃ ይፈጃል። መብራት ሲጠፋ ወይም ኔት ሲቆረጥ አትጨነቅ፣ በቀን አንዴ ከገባህ ምንም አይባክንም።

ክሪምሰን ዊች የሚገኝበት ዶሜን ላይ አብሮት የሚወጣው ላቫዎከር የሚባል ሴት ነው። ላቫዎከር ለአንተ ቡድን አይሆንም፣ ግማሹ ሬዚንህ እዚያ ይቀራል። ኢናዙማ (በጨዋታው ያለ አገር) ያለው ሞሚጂ ዳይድ ኮርት የሚባለው ዶሜን ግን ሺሜናዋና ኤምብለም የሚባሉትን ሴቶች (ስብስቦች) ይሰጣል። ሺሜናዋው ለሁ ታኦ፣ ኤምብለሙ ለሺንግቺዩ። አራት ሺሜናዋ ሲሞላ ስኪሏን ስትጫን 15 ኢነርጂ (በርስቷን ለመጠቀም የሚያስፈልገው ኃይል) ወስዶ ለ10 ሰከንድ ኖርማልና ቻርጅድ አታኳን (ተራና ተጭኖ የሚለቀቅ ምቷን) በ50 በመቶ ያሳድጋል። በርስቷን አዘውትረህ የምትጠቀም ከሆነ ኢነርጂው ያጥርሃል፤ እኔ ግን ለቻርጅድ አታክ ለሚጫወት ሰው ከክሪምሰን አላሳንሰውም። ከሁሉ በላይ አንድ ቦታ ፋርም አድርገህ ሁለት ሰው ታለብሳለህ። ገንዘብ ለማያወጣ ሰው ከዚህ የተሻለ የሬዚን አጠቃቀም አላውቅም።

የወጣውን ሁሉ +20 አታድርስ። መጀመሪያ ዋና ስታቱን እይ። ሰርክሌት ላይ ክሪት ሬት የመውጣት ዕድሉ 10 በመቶ፣ ጎብሌት ላይ ፓይሮ 5 በመቶ ነው። ስለዚህ ፓይሮ ጎብሌት ካገኘህ ሰብስታቱ ደካማ ቢሆን እንኳ አትጣለው። ፍላወርና ፕሉም ላይ ግን ዋና ስታቱ ሁልጊዜ አንድ ስለሆነ ጨክን፤ ክሪት የሌለውን ማዳበሪያ አድርገው። ጥሩ የመሰለህን ወደ +8 ውሰደው፣ ሁለቱ ጭማሪዎች ዲፌንስ ላይ ከወደቁ እዚያው አቁም። የምትፈልገው ክሪት፣ ኤችፒ በመቶኛና ኤለመንታል ማስተሪ ነው።

አንድ ነገር ደግሞ ሁሉም የሚረሳው። የስኪሏ ዕድሜ 9 ሰከንድ ነው። ጊርህ ምንም ቢያምር በዚያ 9 ሰከንድ ውስጥ ስንት ቻርጅድ አታክ አስገባህ የሚለው ነው ዋናው። አንድ ኖርማል፣ አንድ ቻርጅድ፣ ወዲያው ዳሽ፣ እንደገና። ስልክህ ፍሬም ከጣለ ዳሹ ይዘገያል፣ ምት ይጎድላል። እዚህ ሮቢት በቀትር ስልኩ እሳት ይሆናል፣ ስለዚህ አቢስ የምገባው ሌሊት ነው። እናንተ ደብረ ብርሃኖች በብርዱ ታድላችኋል። ግራፊክሱን ዝቅ አድርግ፣ 60 ኤፍፒኤስ ምረጥ፣ ስልኩን ቻርጀር ላይ ሰክተህ አትጫወት። ሰርቨርህ የትኛው ነው? እኔ አውሮፓ ላይ ነኝ፣ ከአሜሪካው ይሻለኛል።

---

ብርዱ_ለመደኝ

እኔም አውሮፓ ላይ ነኝ። ሁላችሁንም አመሰግናለሁ።

አንኮበሬዋ፣ የቤኔቴ በርስት ሌቭል 2 ነው፤ ስለዚህ በአንቺም ስሌት መውጣቱ ነው መሰለኝ። ዞንግሊ የለኝም። ባርባራን አስገብቼ ሁለት ሃይድሮ ላድርግ?

ኤችፒ ሳንድሱን አሁን አልብሻታለሁ፣ ሰርክሌቱንም። አቢስ ባልገባም ሜዳ ላይ ሞከርኳት፣ ልዩነቱ በዓይን ይታያል። አሁን ግን አንድ ነገር አየሁ። ኤለመንታል ማስተሪ ሳንድስም አለኝ፣ 187 የሚሰጠው። አንዳንድ ሰው ለቫፖራይዝ (እሳትና ውሃ ሲገናኙ ለሚፈጠረው ሪአክሽን) እሱ ይበልጣል ይላል። እውነት ነው?

---

የጣርማበር_ልጅ

ባርባራ ትሆናለች፣ ግን በርስቷን አትጫን፤ የሁ ታኦን ደም ይሞላብሃል። ስኪሏም ቢሆን ሜዳ ላይ ሆኖ የሚመታውን ካራክተር ቀስ እያለ ያክማል፣ ሃይድሮ ማስነካት ሲያስፈልግህ ብቻ ተጠቀምበት። ዬላን (ሌላ የሃይድሮ ካራክተር) ካገኘህ ያኔ ሌላ ጨዋታ ነው፣ እስከዚያ 25 በመቶ ኤችፒውን ብቻ ውሰድ። ከሃይድሮው ጋር ኤችፒህ ወደ 33,000 ስለሚደርስ ጣሪያውን ትነካለህ። ስለዚህ ከዚህ በኋላ ኤችፒ ሰብስታት አታሳድድ፣ ክሪት ላይ ሂድ።

---

አንኮበሬዋ

ስለ ማስተሪው፦ ማን አብሯት እንዳለ ይወስነዋል።

ፓይሮ ሃይድሮ ላይ ሲመታ ቫፖራይዙ በ1.5 ያባዛል፣ ማስተሪ ደግሞ ያንን ያሳድጋል። ብቻውን 60 ማስተሪ ሲኖርህ ጭማሪው 11 በመቶ ነው። 187 ስትጨምርበት 42 ይደርሳል። ቫፖራይዝ የሆነ ምት ላይ ይህ 27 በመቶ ገደማ እድገት ነው። ኤችፒ ሳንድስ ከባዶ ሲሰላ 20 በመቶ ገደማ ነበር፣ አታኩ 10። ስለዚህ ሰዎቹ ያሉት ከንቱ አይደለም። ግን ቫፖራይዝ ያልሆነ ምት ላይ ማስተሪ ምንም አይሰጥም፤ የሺንግቺዩ በርስት ባለቀ ሰዓት ሳንድሱ እንደሌለ ቁጠረው።

አንተ ግን ሱክሮስ አለችህ። ማስተሪ ላይ የተሠራች ከሆነች፣ 800 አላት እንበል፣ ስኪሏ ጠላት ሲነካ ከራሷ 20 በመቶውን ለቡድኑ ትሰጣለች፣ 160። ስዊርል ስታደርግ (በነፋሷ ሌላ ኤለመንት ስትበትን) ለዚያ ኤለመንት ካራክተሮች ደግሞ 50 ትጨምራለች። ያኔ ሁ ታኦ ያለ ሳንድሱ 270 ማስተሪ አላት። ያ ክፍል ሞልቷል ማለት ነው። 187ቱን በዚያ ላይ ስትጨምር እድገቱ ወደ 16 በመቶ ይወርዳል። ያን ጊዜ ኤችፒው ይበልጣል፣ ለሁሉም ምት ስለሚሠራም የተሻለ ነው።

ባርባራን አስገብተህ ጣሪያውን የምትነካ ከሆነ ግን ነገሩ እንደገና ይቀየራል፣ የኤችፒ ሳንድሱ የተወሰነው ክፍል ይባክናል። ስለዚህ ሱክሮስን አርባ ቀን የቆየ ጊር አልብሰህ እንዳትተዋት። እሷን ፈትሽና የማስተሪዋን ቁጥር እዚህ ጻፍልኝ፣ ከባርባራ ጋርና ያለ ባርባራ ሁለቱንም አስልቼ እልክልሃለሁ።

---

ብርዱ_ለመደኝ

610 ነው። ሰርክሌቷ ገና +12 ላይ ነው፣ ዛሬ ማታ ኔቱ ሲሻል +20 አድርሼ አዲሱን ቁጥር እጽፍልሻለሁ።